ባለ ጓንቱ ሰውዬ

ሰሞኑን ጋራዡን ሳጸዳ የአባዬን ካርቶን ከፈትኩና ያ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ አቧራ፣ ያረጀ ወረቀት፣ የብል መድኃኒት። ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ያለው የአሮጌ ዕቃ መደብር ልክ እንደዚህ ነበር የሚሸተው። የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ እኩዮቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ሞል ሲዞሩ፣ እኔ ከአባዬ ጋር የሞቱ ቤዝቦል ተጫዋቾች ፎቶ ስፈልግ እውል ነበር። አትሳቂ፣ እውነቴን ነው።

አባዬ ታክሲ ነጂ ነበር። ስለ ቤዝቦል የሚያውቀው ቢኖር ጨዋታ ባለበት ቀን መንገዱ እንደሚጨናነቅ ብቻ ነው። ሶ፣ ለጨዋታው ብሎ አልነበረም። አንድ ቀን የራስጌ መብራት ልንገዛ እዚያ መደብር ገብተን፣ መስታወት ውስጥ አንድ የድሮ የፎቶ ፖስትካርድ አየ። ኮፍያ ያደረገ ጥቁር ተጫዋች፣ ትልቅ የቆዳ ጓንቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ ሊስቅ ሲል የተነሳው። አባዬ ባለበት ደርቆ ቀረ።

"ቁርጥ ወንድሜን" አለ።

ይሄ አጎቴ አዲስ አበባ፣ በዚያ ወታደሮች ቤት ለቤት እየፈተሹ ወጣቱን በሚያፍሱበት ዘመን ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። አያቴ ወታደሮቹ መልኩን እንዳይለዩት ብላ ፎቶዎቹን በሙሉ ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው። አንድም አልተረፈ። አባዬ ያኔ ልጅ ነበር፤ ትልቅ ሰው ሲሆን ደግሞ የወንድሙ ፊት ከዓመት ዓመት እየደበዘዘበት መጣ። "ድምፁን እሰማዋለሁ፣ መልኩ ግን እየሸሸኝ ነው" ይል ነበር። ጨርሶ ሳይጠፋበት የሚይዘው ነገር ፈለገ፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ያን ቀን አመነታና ሳይገዛው ወጣን። አላስቻለውም፤ በነጋታው ተመልሰን ብንሄድ ተሽጧል። ሻጩ፣ አንድ ደግ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ሰውዬው የነጮቹ ቡድኖች ጥቁር በማያስጠጉበት ዘመን የጥቁሮቹ ኮከብ እንደነበረ፣ ፖስትካርዱም ታትሞ በየከተማው ይሸጥ እንደነበረ ነገረን።

"ከታተመማ ሌላም አለ" አለ አባዬ።

በቃ፣ ቅዳሜያችን እዚያው ላይ አለቀ። ጋርላንድ፣ ፎርት ወርዝ፣ በየፓርኪንጉ የሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ያንን የቴክሳስ ፀሐይ ተሸክመን ዞርነው። ፎቶዎቹ የገቡባቸውን ፕላስቲኮች ስገለባብጥ ጣቴ ላይ ይጣበቁ ነበር። ባዶ እጁን መመለስ ስለሚከብደው የሌሎቹን ተጫዋቾች ፎቶ ይገዛል። ሻጮቹ ትልቅ አዋቂ መስሏቸው ስለ ጥንት ጨዋታ ሲተነትኑለት በቁም ነገር ራሱን ይነቀንቃል፤ መኪና ውስጥ ስንገባ ግን "ምንድነው ያለው?" ይለኛል። እኔስ የት አውቄ!

እማዬ ደግሞ ሌክ ሃይላንድስ ያለችው ጠባብ አፓርታማችን በማታውቃቸው ወንዶች ስትሞላ፣ "ካልጠፋ ነገር! እንግዲህ ኪራይ ያግዙን" ትል ነበር። እኔም አንዴ ታክቶኝ "አባዬ፣ አይገኝም፣ ተወው" አልኩት። "ያልሰለቸ ያገኛል፤ ነይ ግቢ" ብሎ የመኪናውን በር ከፈተልኝ። ግትር ነበር፣ አምላኬ ነፍሱን ይማረውና።

ያገኘሁት እኔ ነኝ። ፎርት ወርዝ፣ ጠረጴዛ ሥር የተጣለ የጫማ ካርቶን ውስጥ። መጀመሪያ ጓንቱን አየሁ። የአባዬን እጅጌ ጎተትኩ። ከፍለን ወጥተን፣ ሞተሩን አስነስቶ ሳይነዳ ብዙ ተቀመጥን። ኤሲው ይጮኻል፣ እሱ ፎቶውን ያያል።

በዚያው ክረምት አክስቴ፣ የአባዬ ታላቅ እህት፣ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጡ። አጎቴን የሚያውቅ ሰው ከእሳቸው ሌላ አልቀረም። አባዬ ፖስትካርዱን ፍሬም አስገብቶ፣ እሁድ ምሳ ላይ ፊታቸው አቆመው።

"እታለም፣ ማንን ይመስላል?"

አክስቴ መነጽራቸውን አደረጉ። "ማንንም አይመስል። ማነው?"

"ወንድማችንን አይመስልም?"

"ኧረ በሞቴ! የሱ ግንባር እኮ ሰፊ ነው።"

"ግንባሩን ኮፍያው ነው የሸፈነው።"

"ጆሮውስ?"

"ጆሮው ምን ሆነ?"

ወጡ እስኪቀዘቅዝ ተከራከሩ። እሱም አላመነ፣ እሳቸውም አልተቀበሉ። በክርክሩ መሀል ግን ነገር ይወጣል። አጎቴ ወደ ቤት ሲመጣ ከሩቅ ያፏጭ ነበር። ጥርሱ ስለተሸረፈ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር። አባዬን ትከሻው ላይ አድርጎ ጎርፍ አሻግሮታል። ይሄን ሁሉ አባዬ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም፤ አጎት እንደነበረኝ የምር የገባኝ ያኔ ነው።

ድንገት አክስቴ መነጽራቸውን አወለቁ።

"እውነቱን ልንገርህ? እኔም ጠፍቶብኛል። ግንባሩ ሰፊ ይሁን ጠባብ አላውቅም። ላንተ መንገሩን ፈርቼ ነው።"

ሁለቱም ፖስትካርዱን ያያሉ። እኔም እንጀራዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

"እንግዲያው እሱ ነው እንበል" አለ አባዬ ቆይቶ።

አክስቴ አሰቡ። "እንበል" አሉ።

ሲመለሱ ኤርፖርት ላይ ከነፍሬሙ ሰጣቸው። ተናደድኩ። ያን ሁሉ ቅዳሜ ለፍተን! በመንገድ ላይ እንዳኮረፍኩ፣ "ለምን ሰጠሃቸው?" አልኩት።

"ቤቱ እዚያ ነዋ" አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

ባለፈው ዓመት፣ አባዬ ካረፈ በኋላ፣ አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ሄጄ ነበር። ፖስትካርዱ ሳሎን ውስጥ ከአያቴ ፎቶ አጠገብ ተሰቅሏል። ትንሿ የልጅ ልጃቸው እጄን ይዛ እሱ ዘንድ ወሰደችኝ።

"ይሄ የእማማ ወንድም ነው። አሜሪካ ኳስ ይጫወት ነበር" አለችኝ።

"ጎበዝ ነበር?"

"በጣም።"

አክስቴ ከሶፋው ላይ ሆነው አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። ማናችንም አላረምናትም።