ዶዘር የሚነዳ የማር ነጋዴ

ሚዛን ከተማ ሱቅ በነበረኝ ዘመን ሰው ሲያናግረኝ ቃሉን አልሰማም ነበር፤ ከቃሉ ኋላ የተደበቀውን ዋጋ ነበር የምሰማው። "እናቴ ታማብኛለች" ያለኝ ሰው ኮረሪማውን ሊያስወድድብኝ ነው። "ዝናብ እየመጣ ነው፣ ልሂድ" ያለኝም ያው ነው። ይህ ጆሮ ለዓመታት አብልቶኛል። ሱቁን ስዘጋ ጆሮዬንም አብሬ መዝጋት ነበረብኝ፤ ዘነጋሁት።

ሱቁን ያዘጋኝ የቡና ዋጋ ነው። ወደቀ፤ እኔም አብሬው ወደቅኩ። በወጣትነቴ መንገድ ሥራ ላይ በዶዘር ረዳትነት ጀምሬ ፈቃድ እስከማውጣት ደርሼ ስለነበር፣ ከቴፒ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ወርቅ የሚያወጣ ድርጅት ኦፕሬተር መፈለጉን ስሰማ ሄድኩ። ሥራው ሲወራ ቀላል ነው፤ ዛፉን መጣል፣ ቀዩን አፈር መግፈፍ፣ ከሥር ያለውን ወርቅ ያዘለ ጠጠር ለአጣቢዎቹ መተው። ከጅማ የመጣው ካቦ ለሙከራ ተቀበለኝ።

"ማሽኑ ኪራይ ነው" አለኝ። "አንድ ነገር ቢሆን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። አንተን ከተረፈኝ ጊዜ።"

ለባለቤቴ ግን "ዋና ኦፕሬተር አድርገውኛል" ብዬ፣ ሱቁንም ለሌላ ሰው አስረክቤ ነበር የወጣሁት። ከሙከራው ብባረር ከኋላው የምቆምበት ባንኮኒ እንኳ የለኝም።

በዚያ ጫካ ዛፍ ሁሉ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ቀፎ የሰቀለበት ሰው ነው። ድርጅቱ ካሳውን ከፍሎ ጨርሷል። ቢሆንም ዛፉ ከመውደቁ በፊት ቀፎውን የሚያወርደው የሰቀለው ሰው ራሱ ነው፤ ልማዱ እንደዚያ ነው። አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ፊት ዶዘሬን አቆምኩ። የዛፉ ባለቤት መጣ። ስንት ዘመን ማር የሸጠልኝ ሽማግሌ ነው።

"ነጋዴው፣ ይሄን ለነገ ተወው" አለኝ።

"ምነው ጋሼ?"

"ማሩ ሞልቷል። በዚህ ፀሐይ ንቡ ክፉ ነው። ሲመሻሽ በጭስ አወርደዋለሁ፤ ጠዋት ትገፋዋለህ።"

ጆሮዬ ሥራውን ጀመረ። ካሳ ማስጨመሪያ ነው አልኩ በልቤ። ገበያ ላይ ዋጋ ለማስቀነስ ጥዬ የምሄድ እንደምመስል ሁሉ፣ ሞተሩን አስነስቼ ወደ ዛፉ ተጠጋሁ። ብረቱ ግንዱን ሲነካ ሽማግሌው ዋጋውን ይናገራል ብዬ ነው። እሱ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ኋላ ሄደ። መሄዱንም አላመንኩትም፤ እኔ ራሴ ስንቴ ሄጃለሁ። ዛፉን ትንሽ ገፋ አደረግኩት።

ሁለት ቀፎ ሞተሩ ላይ ወርዶ ተፈረከሰ። ዶዘሩ ጣሪያ እንጂ መስኮት የለውም። ንቦቹ ዋጋ አልጠየቁም። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ ማርሹን ሳላወጣ መውረዴን ግን ዘወር ስል አየሁ። ዛፉ ወድቋል፤ ዶዘሩ ዛፉን ከፊቱ እየገፋ፣ ያለ ሰው፣ ቁልቁል ወደ ማጠቢያው ኩሬ ይሄዳል። አጣቢዎቹ መጥበሻ የመሰለ ሳህናቸውን ጥለው ወጡ። ማሽኑ ወደ ሥራ፣ ኦፕሬተሩ ወደ ጫካ።

ኩሬው ከገባ እኔም አብሬው ነው የምገባው። ሽማግሌው ለማታ ያዘጋጀውን የቅርፊት እስር አቀጣጥሎ ደረሰ።

"በማሽኑ ኋላ በኩል ውጣ" አለኝ። "እኔ ጭሱን እይዝልሃለሁ።"

"ይበሉኛል ጋሼ።"

"በልተውሃል እኮ። አሁን የቀረህ ማሽኑ ነው።"

ዶዘር ሲሄድ የእግረኛ ያህል ነው፤ እንዲያ ባይሆን ይሄን አልጽፍም። እሱ ጎን ለጎን እየሄደ በነፋሱ በኩል አጨሰልኝ፤ እኔ ከኋላ ባለው፣ መሬት በሚሰነጥቀው የማረሻ ብረት ተንጠላጥዬ ወጣሁ። አንደኛው ዓይኔ ተዘግቷል። በሌላኛው ማርሹን ፈልጌ አወጣሁት፤ የዛፉ ጫፍ ውኃው ላይ አርፎ ነበር።

ካቦው እየሮጠ መጣ። እንዳለውም ማሽኑን ነው የዞረው፤ ሰንሰለቱን አየ፣ ዘይቱን አየ። ከዚያ ወዳበጠው ፊቴ ዞረና፣

"ይሄ ማነው?" አለ።

"ኦፕሬተርህ ነው" አለው ሽማግሌው።

"ቀፎው ሳይወርድ እንዳይገፋው አላሉትም?"

"ብዬዋለሁ። የምጫረተው መስሎት ነው።" ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ሰው፣ ስጫረት እንደምስቅ ታውቃለህ። ዛሬ ስቄአለሁ?"

ካቦው ኩሬውን አየ፣ እኔን አየ። ሌላ ኦፕሬተር እስኪያገኝ ስንት ቀን ማሽኑ እንደሚቆም እያሰበ እንደሆነ ገባኝ፤ ይቺን እንኳ በትክክል ሰምቻለሁ።

"ሙከራህ ይቀጥላል" አለኝ በመጨረሻ። "ግን ከዛሬ ጀምሮ እሳቸው 'ግፋ' ሳይሉህ ቀፎ ያለበት ዛፍ አትነካም።"

ሽማግሌው ሹመቱን በደስታ ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቆሎውን ሲቆረጥም፣ እኔ ሞተር አጥፍቼ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ቀፎው ባዶ እንደሆነ ሁለታችንም እያወቅን ያስጠብቀኛል። አልከራከርም።

ለእረፍት ሚዛን ስገባ ባለቤቴ "እድገት አላገኘህም እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አግኝቻለሁ" አልኳት። "አንድ አለቃ ጨምረውልኛል።"