አባቴ ያጠቡት መስቀል

አባቴ መስቀል አይተው ዝም ብለው አያልፉም። ከአገር ቤት ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ዘንድ ሊኖሩ በመጡ በሳምንቱ፣ ከአፓርትማችን ጀርባ ባለችው ትንሽ መስክ ላይ የቆመውን የድንጋይ መስቀል አዩና ባርኔጣቸውን አውልቀው ሄደው ተሳለሙት።

"አባባ፣ ቤተ ክርስቲያን እኮ አይደለም። ሰፈሩ ድሮ መንደር እያለ ጦርነት ሄደው ለቀሩ ልጆቹ ያቆመው ነው" አልኳቸው።

"ታዲያ ይኼን ያልተሳለምኩ ምኑን ልሳለም?" ብለው ገላመጡኝ። እኔ ደግሞ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ ስሠራ ውዬ፣ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ በትራፊክ ስቃጠል አምሽቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። ክርክሩን ተውኩት።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ሰሜን ጦር ግንባር ሄዶ በዚያው ቀርቷል። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ። ስሙ ሲነሳ አባቴ ከተቀመጡበት ተነስተው ወደ መስኮት ይሄዳሉ። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ስሙን አናነሳም።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ መስቀሉ ዘንድ አንዲት ነጭ ባልቴት እናገኛለን። ዓይኗ ደክሟል። ከመስቀሉ እግር የተቀረጹትን ስሞች በጣቷ እየዳበሰች ትወርድና አንዱ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። የወንድሟ ስም መሆኑን፣ ሬሳው ባሕር ውስጥ መቅረቱን፣ ከዚያች ጽሑፍ ሌላ ምንም እንዳልቀራት ነገረችን። ለአባቴ አስተረጎምኩላቸው። "ይቺ ሴት እህቴ ናት" አሉ።

በማግስቱ ባልዲ፣ በረኪናና የሽቦ ብሩሽ ግዢልኝ አሉ። "የሰው ልጅ ስም እንዲህ ጠቁሮ ይቀመጣል? እኛ አገር ለሙት ዓመት መቃብር ይጠረጋል፣ ኖራ ይቀባል። እዚህ ሰው የለም እንዴ?"

ቅዳሜ ቅዳሜ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይፈትጉት ጀመር። ያ ጥቁር ድንጋይ ነጣ፣ አማረ። ውሻ የሚያናፍሱት ጎረቤቶች አውራ ጣታቸውን ያሳዩዋቸዋል። ባልቴቷም ሁለት እጃቸውን ይዛ አመሰገነች። አባቴ ያን ዕለት ምሳቸውን ሲበሉ እንደ ሙሽራ ፈክተው ነበር። እኔን ያስቸገረኝ ጃኬታቸው ነው። በመጡ ቁጥር ነጭ ዱቄት እጅጌው ላይ፣ ጉልበታቸው ላይ፣ ምንጣፌም ላይ! "አባባ፣ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የሚውሉት?" እያልኩ አራግፋለሁ። ዱቄቱ ከየት እንደሚመጣ ማንኛችንም አላሰብንም።

በጋው ሲያልቅ የባልቴቷ ጣት መንገድ መሳት ጀመረ። ይወርድና ያልፋል፣ ተመልሶ ይፈልጋል። "እርጅና ነው" ብላ ትስቃለች። በየእሑዱ ፍለጋው ረዘመ። እኔ መሳቅ አቃተኝ፤ እርጅና ብቻ አልመሰለኝም፤ ግን ለአባቴ ምን ብዬ ልንገራቸው?

ቅጠል ሲረግፍ አንድ ባለሙያ ከካውንቲው አስተዳደር መጣ። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ መስቀሉ ይነሳ ወይስ ቅርስ ተብሎ ባለበት ይቆይ የሚለውን የሚያይ ነው። ከሥራ ስመለስ መስቀሉ ሥር ተንበርክኮ አገኘሁት። ድንጋዩን ዳብሶ መዳፉን ሲያነሳ መዳፉ ነጭ ሆኗል። ምን እንዳየ ጠየቅሁት። ድንጋዩ በቀላሉ የሚፈረፈር ነው አለኝ። ጥቁሩ ነገር ዕድፍ ሳይሆን እንደ ቆዳ ይዞት የኖረ ቅርፊት ነበር፤ እሱ ከተፋቀ ወዲህ ከሥሩ ያለው ዱቄት እየሆነ ይረግፋል።

"ቅርስነቱስ?" አልኩት።

"ቅርሱ እኮ ስሞቹ ነበሩ" አለ። ማን እንዳጠበው አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት።

ሊኩሏት ዓይኗን አጠፏት ማለት ይኸው ነው። ማታ ለአባቴ ነገርኳቸው። እራታቸውን ገፉት። እጃቸውን እያገላበጡ ሲያዩ ቆዩ።

"እሷስ ታውቃለች?"

"አታውቅም። አባባ በሞቴ ይተዉት፤ ዓይኗ የደከመ ነው የሚመስላት።"

"የሰው ወንድም አጥፍቼ ዝም ልበል?"

እሑድ ባልቴቷ እንደ ልማዷ ጎንበስ አለች። ጣቷ ወረደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገቧ ተንበረከኩ። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ የስሙን ቦታ ግን ከጣቷ ለምደውታል። እጇን ይዘው እዚያው አሳረፉት። ላስተረጉም ስጠጋ በእጃቸው ከለከሉኝ።

"ሂር" አሉ። "ሚ። አይ ዎሽ። ብራዘር፣ ፊኒሽ። ሶሪ።"

ባልቴቷ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ጣቷን ዓይኗ ሥር አድርጋ አየችው፤ ነጭ ዱቄት ይዟል። እኔ ሞኟ መሐረብ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። ጣቶቿን አጥፋ ጨበጠቻቸው፤ እንደጨበጠችም መንገዱን ተሻግራ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አላየናትም።

መስቀሉን በጸደይ ነቅለው ወሰዱት። አባቴም አርፈዋል። ጃኬታቸው ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተሰቅሏል፤ እጅጌው ላይ ያ ዱቄት አሁንም አለ። ልጆቼ አጥበሽ ለሰው ስጪው ይሉኛል። እኔ ማጠቡ ቀርቶ ማራገፍም አልቻልኩም።