እልልታ የነፈግንበት ቀን

ልጅ እያለሁ ዳባት ላይ ኅዳር ሲገባ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። እኛ ግን ከትምህርት ቤት እንደተለቀቅን ሰኞ ማክሰኞውን እርግፍ አድርገን ትተን ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንሮጥ ነበር። አዳራሹ እርጥብ ጭቃና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ ሳላስበው ማንጎራጎር እጀምራለሁ።

መዝሙር ያስጠናን ዲያቆን ይበልጣል ነው። ጎንደር ተምሮ የመጣ ወጣት ነበር፤ ለኅዳር ማርያም አዲስ መዝሙር ደረሰልን። ከዚያ በፊት ወንዱም ሴቱም አንድ ዜማ ነበር የምንከተለው። በዚህኛው ግን ወንዶቹ ከታች በወፍራሙ ሲይዙ እኛ ሴቶቹ ከላይ በሌላ ዜማ እንገባለን፤ መጨረሻው ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ። ወንዶቹ እየሰሙን ወደ እኛ ዜማ ይሳቡ ነበርና ጓደኛዬ ጥሩዬ "ጆሯችሁን ድፈኑ!" እያለች ትቆጣቸዋለች። መጀመሪያ የተገናኘልን ቀን አለቀስኩ። እንደዚያ ያለ ነገር ከእኔ አፍ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በበዓሉ ዋዜማ ቄሰ ገበዙ ሊሰሙን መጡ። የደብሩን ሥርዓት የሚጠብቁት እሳቸው ስለሆኑ ቃላቸው አይታጠፍም። ገና ሳንጨርስ እጃቸውን አነሱ።

"ይኸ ዘፈን ነው። ነገ ወንዶቹ ብቻ ይዘምሩ። ሴቶቹ እልል ይበሉ፣ ይበቃቸዋል።"

ዲያቆኑ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን በንዴት ጦፍኩ። ይኸው አንድ ጉሮሮ ሲዘምር ኃጢአት፣ እልል ሲል ጽድቅ የሚሆነው እንዴት ነው? ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት መቀነቷን ጠበቅ አደረገች።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በግቢው ተሰበሰበ። ወንዶቹ የእነሱን ድርሻ ብቻ ዘመሩት፤ አንድ እግሩ እንደጎደለ በርጩማ ያነክስ ነበር። ጨረሱ። ጸጥ አለ። እኛ ልጃገረዶቹ እልል ላንል ተማክረን ስለነበር ጥርሳችንን ነክሰን ቆምን። እናቶችን ግን ማን ነገራቸው? እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ጎረቤቶቻችንም እንደዚያው። ያለ እልልታ በዓል ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

"ምን ሁናችሁ ነው እናንተ? እልል በሉ እንጂ!" አሉ ቄሰ ገበዙ።

"ይፍቱኝ አባቴ" አለች እናቴ ጎንበስ ብላ። "ድምጣችሁ ዘፈን ነው ተብለን ነው። በዓሉን እንዳናረክስ ፈርተን።"

ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከዚያ ዲያቆኑን ሳያዩ "በል፣ አስጀምራቸው" አሉ። ወንዶቹ በድንጋጤ ከፍ አድርገው ጀመሩና እኛ የማንደርስበት ላይ ሰቀሉን። ድምፃችን ተሰነጠቀ። ቢሆንም አንዳችንም አላቋረጥንም።

ዛሬ የምኖረው ደባርቅ ነው። ልጄ ከመዘምራኑ ጋር ትቆማለች፤ ወንድና ሴቱ በየድምፁ ተከፍሎ ሲዘምር የሚደነቅ የለም። ደስ ይለኛል፤ ያ የዳባት አዳራሽ ግን ይናፍቀኛል። ታዲያ ባለፈው ሰሞን አንድ ጎረምሳ ሰባኪ መጥቶ ሴቶች ዝም ይበሉ፣ የድሮው ሥርዓት ይመለስ አለ። ብድግ አልኩ።

"ልጄ፣ ድሮ የምትለው እኮ እኔን ነው" አልኩት። "ድሮ እንዘምር ነበር።"