ጋሼ ኤናር ያላስፈቀዱት ዛፍ

መቱ ማር ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሼ ኤናር በር ላይ ተቀበሉኝ። የጎማ ቦት ጫማ አድርገዋል፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሰፈፍ ነክቶታል። «ኤናር እባላለሁ፤ አባቴ ሄልጊ ነው» አሉኝ። ፈረንጅ ሁሉ በቤተሰብ ስም የሚጠራ ይመስለኝ ስለነበር ገረመኝ። አይስላንድ ውስጥም ሰው እንደ እኛ በራሱና በአባቱ ስም ነው የሚጠራው አሉ። እኔም «አስካለ ወልደ ማርያም» አልኳቸውና ወዲያው ተግባባን።

ወደ ኢሉባቦር የመጡት የውኃ ጉድጓድ ለማስቆፈር ነበር። ጉድጓዱ አለቀ፤ እሳቸው የጎሬ ልጅ አግብተው ቀሩ። ከዚያ ማር ቤቱን ከፈቱ። ኦሮምኛቸው ከአማርኛቸው ይሻላል። በአማርኛ ሁሉንም ሰው «አንተ»፣ «አንቺ» ይላሉ፤ ቄሱንም ሹሙንም። ሰው ይስቃል እንጂ አይቀየምም።

እኔ ከማጣሪያ ክፍል ተነስቼ የርክክብ ኃላፊ እስከ መሆን ደርሻለሁ። ርክክብ ላይ ገበሬው ያመጣውን ባልዲ እንከፍታለን፤ ከላይም ከሥርም እንቀምሳለን። ከዚያ አንድ ጠብታ በርጥበት መለኪያው መስታወት ላይ አድርገን ወደ ብርሃን እናያለን። ንቧ የማሩን እንጀራ በሰም ሳታሽገው የተቆረጠ ማር ውኃ ይበዛበታል፤ ሲቆይ ይፈላል። አንድ ባልዲ በርሜል ሙሉ ማር ያበላሻል። ጋሼ ኤናር ይህን ሲያስተምሩኝ «የእናትሽም ቢሆን መልሺው» አሉኝ። እናቴ ጠጅ ጣይ ነበረችና «እሷ እንኳ የእኔን ትመልሳለች» አልኳቸው።

ሥራው በደህና እየሄደ ሳለ ጋሼ ኤናር አዳዲስ ቀፎዎች አሠርተው በሶር ወንዝ በኩል ካለው ጫካ አንድ ትልቅ ዛፍ ላይ አሰቀሉ። እኛ የሰማነው ከተሰቀለ በኋላ ነው። ከመንግሥት ቢሮ ፈቃድ ነበራቸው፤ ያሳሳታቸውም እሱ ነው። ጫካችን ለባዳ ዓይን ባለቤት የለሽ ይመስላል እንጂ ኮቦ የሚባል ድርሻ አለው። የትኛው ዛፍ የማን እንደሆነ፣ ቀፎ የሚሰቅልበትም ማን እንደሆነ፣ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ያ ዛፍ የኦቦ ቶሎሳ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ እስከ ሁሩሙ ድረስ ስማቸው የተከበረ ማር ቆራጭ ናቸው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አንድ ባልዲ እንኳ ደጃችን አልደረሰም። በቀጣዩም እንዲሁ። ገዢዎች ጭነት ይጠብቃሉ፤ በርሜሎቹ ባዷቸውን ቆመዋል። ጋሼ ኤናር ሰብስበውን፣ ማር ካልገባ ቤቱ እንደሚዘጋ ነገሩን። ልጆቼን የማሳድገው በዚያ ደመወዝ ነበር።

ገበያ ወርጄ ማር ያመጣልን የነበረ አንድ የዱሮ ደንበኛችንን ምን እንዳስቀየመው ጠየቅሁት። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» አለኝ፤ ቀጥሎም የዛፉን ነገርና ገበሬው ለኦቦ ቶሎሳ ብሎ እንዳኮረፈ አጫወተኝ። ተመልሼ ለጋሼ ኤናር ነገርኳቸው።

«ወረቀት አለኝ እኮ» አሉ።

«ወረቀቱ የቢሮ ነው፤ ዛፉ የኦቦ ቶሎሳ ነው። ሄደው ይቅርታ ይጠይቁ።»

ፊታቸው በርበሬ መሰለ። በማግስቱ ግን ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው፣ እንደ አገሩ ወግ እርጥብ ሣር በእጃቸው ጨብጠው ሄዱ። እኔም ተከተልኩ።

ኦቦ ቶሎሳ ሣሩን አይተው ተቀመጡ አሉን። «በአገርህ ባለቤት የሌለው ጫካ አለ?» ብለው ጠየቋቸው። ጋሼ ኤናር በአገራቸው ዛፍ ብርቅ መሆኑን ነገሯቸው። በጎቻቸውን ግን በበጋ ያለ እረኛ ተራራ ላይ ይለቋቸዋል፤ ብርዱ ሲቃረብ አገሬው ወጥቶ ይሰበስብና በጆሯቸው ላይ በተቆረጠው ምልክት ለየባለቤቱ ይለያቸዋል።

«ታዲያ አንተ የእኔን በግ ጆሮ ቆርጠሃል» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

ጋሼ ኤናር «ኤዬ» አሉ፤ በኦሮምኛ አዎ ማለታቸው ነው። «ቆርጫለሁ።»

ሰበብ አልጨመሩም፤ ወረቀቱንም ከኪሳቸው አላወጡም። ያን ጊዜ በአለቃዬ ኮራሁ፤ ዛሬም እኮራለሁ። ሽማግሌዎቹ ቀፎዎቹም የገባባቸው ንብም ለባለ ዛፉ እንዲሆኑ ፈረዱ፤ ጋሼ ኤናርም ተቀበሉ።

የማር ወቅት ሲደርስ ኦቦ ቶሎሳ ከእነዚያው ቀፎዎች የቆረጡትን ማር ይዘው ራሳቸው መጡ። ከኋላቸው የሁሩሙ ገበሬዎች ባልዲያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ዓይናቸው እሳቸው ላይ ነው። ቀመስኩት፤ ጣዕሙ ልዩ ነው። በመለኪያው ሳየው ግን ርጥበቱ ከልክ አልፏል። ቸኩለው ቆርጠውታል። ዞሬ ጋሼ ኤናርን አየኋቸው።

«ርክክብ የአንቺ ነው» አሉኝ። ድምፃቸው ግን ቀጥኖ ነበር። እኔም የማር ቤቱ በር ሲዘጋ ታየኝ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ይህ ማር ገና ነው፤ ንቧ አላሸገችውም። ልቀበልዎት አልችልም።»

ኦቦ ቶሎሳ መለኪያውን ከእጄ ወስደው ወደ ብርሃን አዙረው አዩበት። ምን እንዳዩ አላውቅም። መልሰው ሰጡኝና ባልዲያቸውን ከደኑ።

«ዛፉ የእኔ ነው፤ ርክክቡ የአንቺ ነው፣ ልጄ። ይሄንን እቤታችን ብርዝ አድርገን እንጠጣዋለን።» ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞረው በኦሮምኛ «ግቡ፤ እዚህ ለእኔም አያደሉም» አሏቸው።

በርሜሎቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ መሙላት ያዙ። ዓመታት አልፈው ሰፈራችን ጋሼ ኤናርን የእድሩ ሰብሳቢ አድርጎ መረጣቸው። በኮቦ ድንበር ሰው ሲጣላም ለሽምግልና ይጠራሉ፤ ብዙ ጊዜ ከኦቦ ቶሎሳ አጠገብ ነው የሚቀመጡት።

እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። በቦታዬ ለተተኩት ወጣቶች የምነግራቸው ይህን ነው፤ ቀፎ ከመስቀላችሁ በፊት ዛፉ የማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ማሩ ሲመጣ ግን የማን እንደሆነ አትጠይቁ።