ሁለት መቶ ግራም ዘቢብ

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ሒሳብ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴ ከሩሲያዊት ጎረቤታችን የኬክ አሠራር ጽፋ መጣችና «ሁለት መቶ ግራም ዘቢብ በቡና ስኒ ስንት ነው?» አለችኝ። ግራምን ወደ ኪሎ በቃሌ እለውጣለሁ፤ ወደ ስኒ ግን በምን ሒሳብ? ቤታችን ሚዛን አልነበረም።

አንድ ስኒ ዘቢብ ይዤ ቀበሌ ሱቅ ሄድሁ። ሻጩ «ሚዛኑ የሕዝብ ነው፤ የግል ዕቃ አይመዘንበትም» ብሎ መለሰኝ። እርር ብዬ ቤት ስደርስ ባለቤቴ እርሳስ ይዛ ትጠብቀኛለች።

«ስምንት ስኒ» አልኋት፣ አፌ እንዳመጣልኝ።

አምናኝ ጻፈችው። ኬኩ ዘቢብ ብቻ ሆነ፤ እሷ ግን ምድጃውን ወቀሰች።

ዛሬ እሷ የለችም። ልጆቼ ስምንቱን ስኒ «የእማዬ ልክ» እያሉ ይሰፍራሉ። ምን ብዬ ልንገራቸው?