አብሮኝ የሚበላው ሰው

ሥራዬ አንጎል ረሃብንና ጥጋብን እንዴት እንደሚቆጣጠር ማጥናት ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ስለ ጨጓራው ያወራኛል። የሰመራ አውቶቡስ ውስጥ ሆዱን ይዞ መድኃኒት የጠየቀኝ ብዙ ነው። እኔ ግን ሐኪም አይደለሁም። ሆድ ባዶ ሲሆን በደም በኩል ወደ አንጎል ስለሚሄደው መልእክት ሳጠና ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

እናቴ ከሞተች በኋላ አዋሽ ሰባት ኪሎ ብቻውን የቀረው አባቴ መክሳት ጀመረ። ጡረታ የወጣ የባቡር መካኒክ ነው። ስደውል "አባዬ፣ በላህ?" እለዋለሁ፤ "በልቻለሁ" ይለኛል። ምግቡን ሠርታ የምታደርስለት ጎረቤታችን ግን ሳህኑ እንደሄደ እንደሚመለስ ነገረችኝ።

ደነገጥኩ። ስኳሩን አስመረመርኩ፤ ጨጓራውን፣ ጉበቱን፣ የታይሮይድ ዕጢውን አስመረመርኩ። ሁሉም ደህና ነው። የቀረው አንጎሉ ነው። የረሃብ መልእክት የሚነበብበት ቦታ ላይ አንድ ነገር በቅሎበት ይሆን ብዬ በጣም ፈራሁ፤ አዲስ አበባ የጭንቅላት ኤምአርአይ ቀጠሮ አስያዝኩለት።

በዚያው ሰሞን ሰመራ ውስጥ አዲስ ጥናት ጀምረን ነበር። ተሳታፊው ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ደም ይሰጣል፤ ከዚያ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይቀመጥና የተመዘነ ሩዝና ምስር ይቀርብለታል። የተረፈውን መልሰን እንመዝናለን። ወሬና የሰው ፊት ውጤቱን እንዳያበላሹብን ብቻውን ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። በዚህም እኮራ ነበር።

የደሙ ውጤት ሰውየው ርቦታል ይላል፤ ሳህኑ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይመለሳል። መጀመሪያ ምግብ የምታበስለውን ሴት ተቆጣሁ። ቀጥዬ የደም መመርመሪያውን ጠረጠርኩ። እንደ እኔ ያለ ግትር ሰው ራሱን የሚጠረጥረው በመጨረሻ ነው።

አንድ ቀን ወደ ክፍሉ ስገባ አንድ ግመል አርቢ ሽማግሌ ሳህኑን ፊታቸው አድርገው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

"አልጣፈጠዎትም?" አልኳቸው።

"አልቀመስኩትም፣ ዶክተር። ሌላው ሰውዬ የታለ?"

"የትኛው ሰውዬ?"

"አብሮኝ የሚበላው። እሱን እየጠበቅኩ ነው።"

የሚመጣ ሰው እንደሌለ ስነግራቸው ያዘኑልኝ መሰለኝ። "ታዲያ ያ ውጭ ተራ የሚጠብቀው አለ አይደል? እሱን አስገቢልኝ" አሉኝ።

አስገባሁት። ሁለቱም "ቢስሚላሂ" አሉና ሰዓቱን እንኳ ሳልመዘግብ ሳህኑ ባዶ ሆነ። ማን ስንት እንደበላ ስለማይታወቅ ለጥናቱ ምንም አልጠቀመም። እኔ ግን ባዶውን ሳህን ይዤ ስወጣ የአባቴ ሳህን ትዝ አለኝና አፈርኩ። ያን ሁሉ ምርመራ ሳዝዝለት፣ ከማን ጋር እንደሚበላ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

ቅዳሜ አዋሽ ሄድኩ። ጎረቤታችን የላከችውን ሽሮ በአንድ ትሪ አቀረብኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ብላ ብዬ አልጎተጎትኩትም። ከጅቡቲ ስለሚመጡት መኪኖች፣ ስለ መንገዱ መበላሸት አወራሁት። እሱም ስለ ድሮው ባቡር ያወራ ጀመር፤ እያወራ በላ። እንጀራ አስጨመረኝ። ደስታዬን እንዳያይብኝ አንገቴን ደፋሁ። የአዲስ አበባውን ቀጠሮ ከሰዓት በኋላ ደውዬ ሰረዝኩት።

እሁድ ምሳ በላንና ቦርሳዬን አነሳሁ። እስከ መናኸሪያው ሸኘኝ።

"መቼ ነው የምትመለሺው?" አለኝ።

"ወሩ ሲያልቅ።"

ትንሽ አሰበና "ጥሩ" አለ። "ያን ጊዜ እንበላለን።"