ማኅተሙ እስኪመጣ

የታሰርኩበት ክፍል ድሮ የበርበሬ መጋዘን ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ በሩ ተከፍቶ ወደ ውስጥ ስገፈተር ሁለተኛ እግሬን ሳላስገባ አስነጠሰኝ። ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳስነጥስ ከረምኩ። ሰዎች ስለ እስሬ ሲጠይቁኝ ስለ ዱላና ስለ ጨለማ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። ዱላ አልቀመስኩም። እኔ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ቀዩ አቧራ ነው። የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው ከግድግዳው እየተነሳ ዓይን ያቃጥል ነበር። እንኳን እስረኛው ጠባቂውም ያስነጥሳል። እሱ እኔን "ይማርህ" ይለኛል፣ እኔም እሱን። ምን ይደረግ፣ አፍ ለምዶታል።

ጥፋቴ እጄ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ የምሠራ ትራንዚተር ነኝ፤ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ እንዲወጣ ቅጽ እሞላለሁ፣ ወረፋ እይዛለሁ፣ እጨቃጨቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ደግሞ የተዘጋ ነገር ላይ መዳፌን ካሳረፍኩ ውስጡ ያለው ይታወቀኛል። ኮንቴነሩ ሳይከፈት ጎማ ይሁን ብርድ ልብስ አውቃለሁ። ስጦታ የሚሉት ይህንን ነው። ሀብት አላፈራሁበትም፣ የሰው ሕይወትም አላዳንኩበትም። ባለቤቴ ለልደቴ ሸሚዝ በካርቶን ጠቅልላ ስትሰጠኝ ሳልከፍተው "ሸሚዝ ነው" እላትና ትናደዳለች። ጥቅሙ ቢበዛ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ስጦታ ያለው ሁሉ ይመዝገብ ተባለ፤ ተመዘገብን። ቀጥሎ ማርከሻው መጣ። ማርከሻ ያልነው እኛው ነን፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ረጅም ስለሆነ በቃሉ የያዘው የለም። አንድ ጊዜ ክንድ ላይ ይወጋል፣ ስጦታው ይሄዳል፣ አይመለስም። "ለሕዝብ ደኅንነት ነው" አሉን። የእኔ መዳፍ የማንን ደኅንነት እንደነካ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ተሰባስበን አቤቱታ ጻፍን። እኔ ደግሞ ወረቀት ማሳመር ስለምወድ የፈራሚዎቹን ስም ከነሰፈራቸው በሰንጠረዥ አስተካክዬ ከኋላ አያያዝኩት። ሊይዙን ለመጡት ሥራ አቀለልኩላቸው ማለት ነው። ኧረ እንዲህ ያለ ጅል የት ይገኛል!

ክፍሉ ውስጥ ቀድመውኝ የገቡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከቡልቡላ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጡ ገበሬ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኔ አባባ እላቸው ነበር። መጀመሪያ ያየኋቸው ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ወለሉን ሲዳብሱ ነው።

"ሲሚንቶ ደንቆሮ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። "ምንም አይነግረኝም።"

የእሳቸው ስጦታ እግራቸው ላይ ነው። በባዶ እግራቸው ሲሄዱ ከታች ውሃ መኖሩን ያውቃሉ። እሱ ብቻ ቢሆን መሐንዲስም ያገኘዋል። በስምጥ ሸለቆ ግን ውሃ ሁሉ አይጠጣም፤ ፍሎራይድ ያለበት አለ። ልጆች እሱን እየጠጡ ሲያድጉ ጥርሳቸው ይበልዛል፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ አጥንት ያጎብጣል። አባባ የሚያጎብጠውን ከደህናው ይለያሉ። የሚያጎብጠው ውስጥ እግራቸውን ያሳክካቸዋል፣ ደህናው ያቀዘቅዛቸዋል። በመንደራቸው ሦስት ጉድጓድ አስቆፍረዋል። ያልተቆፈሩ አሥራ አንድ ቦታዎች ደግሞ ያውቃሉ። የትም አልተጻፉም። "የሚቆፍር ሲመጣ ሄጄ አሳያለሁ" እያሉ ነው የኖሩት።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት ቅጹ መጣ። "ስጦታዬ እንዲወገድ በገዛ ፈቃዴ የተስማማሁ መሆኔን" ይላል። ያልፈረመ አይፈታም። እንግዲህ ፈቃድ ማለት ይህ ነው። ለእያንዳንዳችን ሦስት ሦስት ኮፒ፣ ለሁለታችን አንድ እስክሪብቶ ሰጡን። እኔ ፈረምኩ፤ አባባ በጣታቸው አተሙ። የምትወጋን ሲስተር የመድኃኒት ሳጥኗን ይዛ ግቢው ውስጥ ካለች ክፍል ገባች። ከዚያ ጠባቂው ራሱን እያከከ ተመለሰ።

"ማኅተም ያዡ የለም" አለ።

"የት ሄደ?"

"ለቅሶ። ሞጆ ነው፣ ይመጣል።"

"መቼ?"

"ይመጣል አልኩህ እኮ!"

ያለ ማኅተም መውጋት አይቻልም። ጌታ ሆይ! ሰው ሊያመክኑ ወስነው እንኳ በሰዓቱ አይገኙም። እንግዲህ የማፍርበትን ልናገር፤ በመዘግየቱ ተናድጄ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ማኅተም ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ "የለም፣ ይመጣል" ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። የምጠብቀው የገዛ መርፌዬን መሆኑን ረስቼ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለስኩ አጉረመረምኩ።

አባባ ግን አልተናደዱም። ዘወር ብለው አዩኝና፣ "እስክሪብቶው አንተ ዘንድ ነው?" አሉ።

"እኔ ዘንድ ነው።"

"ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ ጻፍልኝ። ቦታዎቹን የማስታውሳቸው በእግሬ ነው። እግሬ ሲደነዝዝ እነሱም አብረው እንዳይሄዱ ፈራሁ። ደግሞ ይህ ሳል አልተመቸኝም። ያ ለቅሶ ላይ ያለው ሰውዬ ሳይመጣ ጻፍልኝ።"

ወረቀት ከየት ይምጣ? ለጠባቂው "ቅጹ ተበላሸብኝ" አልኩት፤ እየተሳደበ ሁለት ጨመረልኝ። ጀርባው ባዶ ነው። ተንበርክኬ ፍራሼ ላይ ዘረጋሁትና "ይበሉ፣ አንደኛ" አልኳቸው።

አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አንዲት ሴት ነበረች" ብለው ጀመሩ። "አህያዋ ጥቅምት ላይ..."

"አባባ፣ ቦታውን!"

"እሱን እኮ ነው የምነግርህ። አህያዋ..."

"ሴትዮዋን ይተዉአት! ከአስፋልቱ ስንት ሜትር ነው?"

ዓይናቸውን ከፈቱ። እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቀው አያውቁም ነበር። "ሜትር?" አሉ። አሰቡ። "ሁለት መቶ ይሆን?"

"በየት በኩል?"

"ፀሐይ መውጫ።"

"ከአስፋልቱ በስተምሥራቅ ሁለት መቶ ሜትር" ብዬ ጻፍኩ። አምሮ ታየኝ። ሁለተኛው ላይ የአንድ ሰው ሠርግ ጀመሩልኝ፤ አቋረጥኳቸው። ሦስተኛው ላይ ስለ አንድ ጠብና ዕርቅ። "አባባ በፈጠረዎት! ማኅተሙ መንገድ ላይ ነው፣ እርስዎ ተረት ያወሩልኛል!" ብዬ ጮህኩባቸው። ለአባቴ እኩያ ሰው ጮህኩ። እሳቸው ግን "እሺ፣ ልጄ፣ እሺ" እያሉ ከአስፋልቱ፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከድልድዩ እያሉ ሜትር ሰጡኝ። ሰባት ቦታ እንዲህ አድርጌ ጻፍኩ። ቁጥር፣ አቅጣጫ፣ ርቀት። ለየትኛውም ቢሮ ቢቀርብ የማያሳፍር ወረቀት ነበር።

ስምንተኛው ላይ ደከመኝ። በርበሬው ዓይኔን አጥፍቶታል፣ ላቤ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። "እንዳሻዎት ይበሉ" አልኳቸው፣ ያሉትን እንዳለ ገለበጥኩ። "ላሟ መንታ የወለደችበት፣ ከዋርካው ጥላ ጠርዝ።" "የጭነት መኪናው ተገልብጦ አገር ምድሩ ቲማቲም የለቀመበት።" "ጅቡ ጉድጓድ ገብቶ ያደረበት።" "ቄሱና ሼኩ ዝናብ ይዟቸው አንድ ጃንጥላ ሥር የቆሙበት።" ጽሑፉ ተንጋደደ፣ አንዱ መስመር በሌላው ላይ ወጣ። ሳየው አስጠላኝ።

ልጃቸው ከቡልቡላ መጥታ አዳማ ዘመድ ቤት አርፋ በየቀኑ ምግብ ታመላልስ ነበር። ጠባቂዎቹ የሚገባውን ምግብ በማንኪያ እያገላበጡ ይፈትሻሉ፤ የሚወጣውን ባዶ ምሳ ዕቃ ግን የሚያየው የለም። ወረቀቶቹን አጣጥፌ ከታችኛው ሳህን ሥር ከተትኳቸው። ዕቃው ወጣ። አባባ በሩ እስኪዘጋ በዓይናቸው ሸኙትና "ገለቶሚ፣ ልጄ" ብለው አመሰገኑኝ። የጮህኩበትን አላነሱም።

ማኅተሙ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። ያዡ ዓይኑ ቀልቷል፣ የለቅሶ ነጠላውን እንኳ አላወለቀም። ስድስቱንም ኮፒ አንድ በአንድ መታ። ያስነጠሰውም መሰለኝ።

መጀመሪያ አባባን ጠሩ። የሲስተሯ ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"እዚህ ውስጥ አልገባም" አሉ።

"አባባ፣ ፈርመዋል እኮ" አለ ጠባቂው።

"መርፌውን እንቢ አላልኩም። መሬት ላይ ቆሜ ይሁን። ስድሳ ዓመት ያነጋገረኝን ነገር ሳልሰናበተው አልሄድም።"

ጠባቂው ወደ ሲስተሯ አየ። ልጅ እግር ናት፣ ቀኑን ሙሉ ማኅተም ስትጠብቅ እሷም መሯታል። "ምን ቸገረኝ፣ እኔ እወጣለሁ" ብላ መርፌዋን ይዛ ወጣች። አባባ ጫማቸውን አወለቁ፣ ጎን ለጎን አስተካክለው አስቀመጡ፣ የግቢው አፈር ላይ ቆሙ። እጅጌያቸውን ራሳቸው ጠቀለሉ። ማንም አልያዛቸውም። እኔ በሩ ላይ ሆኜ አያለሁ።

መርፌው ሲገባ ፊታቸው በራ።

"እዚህም አለ!" አሉ። "ደህናው ነው። ይቀዘቅዛል።"

ግቢው ውስጥ ቧንቧው ከደረቀ ሳምንት አልፎታል፤ ጠባቂዎቹ ራሳቸው በጀሪካን ያስቀዱ ነበር። ጠባቂው ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጥልቀቱስ አባባ? ስንት ሜትር ይሆናል?" ብሎ ጠየቃቸው።

አባባ ወደ እግራቸው አዩ። አንዱን አነሱ፣ መልሰው አሳረፉት። ሌላውንም እንዲሁ አደረጉ።

"አሁን ዝም አለ" አሉ።

ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አደረጉ። የእኔ መርፌ ሲሚንቶው ላይ ሆነ፤ ሁለት ደቂቃም አልፈጀ፣ አላመመኝም። ከአራት ቀን በኋላ ሁለታችንንም ለቀቁን።

ዛሬ ኮንቴነር ስነካ ብረት ነው የምነካው፤ ሲግል ይግላል፣ ሲቀዘቅዝ ይቀዘቅዛል። ባለቤቴ ደስ ብሏታል፣ ሸሚዙን ከፍቼ ነው የማየው። በዚህ ብዙም አላዘንኩም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

አባባ በተፈቱ በአራተኛው ወር በዚያው ሳል አረፉ። ቆፋሪዎች ቡልቡላ የደረሱት እሳቸው ከተቀበሩ በኋላ ነው። ልጃቸው ወረቀቱን አውጥታ ሰጠቻቸው። ከዚያ ደወለችልኝ።

"ጋሼ፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ያሉትን አገኘናቸው። ላሟ የወለደችበትን የማያውቅ የለም፣ ሽማግሌዎቹ መርተው ወሰዱን። ከአራቱም ደህና ውሃ ወጣ" አለችኝ። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር። "ሰባቱ ግን አልተገኙም። አስፋልቱ ሲሰፋ ወደ ጎን ተዛውሯል፣ ትምህርት ቤቱም ሌላ ቦታ ተሠርቷል። ሁለት መቶ ሜትር ያሉት ጋ አስቆፈርን፤ የወጣው የሚያጎብጠው ነው። አባቴ ደግሞ ሜትር አያውቅም ነበር። ማን ነው ሜትር ያስጻፈው?"

እኔ ነኝ። እሳቸው እኔን ደስ ይበለው ብለው የሰጡኝን ቁጥር አሳምሬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሰማሁትን እንደሰማሁ ባስቀምጠው ምን ነበረበት? ለማንኛው ቢሮ ነበር የማስጌጠው? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሰው ውሃ ነው።

አሁን ሥራዬ ማስታወስ ሆኗል። "አህያ ያላት ሴት" ብዬ ብደውልላት፣ "ጋሼ፣ እዚህ አህያ የሌላት ሴት የለችም እኮ፣ አህያዋ ምን ሆነች?" አለችኝ። ሳታልቅ ያቋረጥኳትን ወሬ ከየት ላምጣት? አንዳንድ ቀን አባባን እንዲህ ዓይናቸውን ጨፍነው አያቸዋለሁ፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ የምሰማው ግን የራሴን ጩኸት ነው።

ባለፈው ሳምንት ከሞጆ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች በመሬት ድንበር ሲከራከሩ ሦስተኛው ትዝ አለኝ። "ወራጅ አለ!" ብዬ መንገድ መሐል ወረድኩና ደወልኩላት።

"ጠቡ!" አልኳት። "ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው ሰባት ዓመት ሳይነጋገሩ ቆይተው የታረቁበት ግራር ሥር! እሱን ብለውኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያቋረጥኳቸው!"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ፣ ሃሎ" አልኩ።

"አለሁ፣ ጋሼ" አለች። "ወንድማማቾቹ አባቴና አጎቴ ናቸው። ግራሩ ከቤታችን ደጃፍ ይታያል።"